ስለ ጋራዥ ልጆች

ለሥራና ክህሎት ሚኒስቴር
ግልባጭ፦ ለትምህርት ሚኒስቴር፤ ለትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ጋራዦች ሁለተኛ ደረጃን ላጠናቀቁ ወጣቶች እውቅና ያላቸው የሙያ ማሠልጠኛ እንዲሆኑ ስለመጠየቅ

በ2015 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከወሰዱት 845,000 ገደማ ተማሪዎች መካከል 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 27,267 ነበሩ። በ2017 ዓ.ም. ቁጥሩ ወደ 48,929 ከፍ አለ፤ ከተፈታኙ 8.4 በመቶ መሆኑ ነው። ውጤት በወጣ ቁጥር ወሬው ሁሉ ስላለፉት ነው፤ ስንት ትምህርት ቤት አንድም ተማሪ አላሳለፈም፣ ከፍተኛውን ነጥብ ያመጣው ልጅ የየት አገር ልጅ ነው ይባላል። ስለቀሩት ሲነሳ «ቴክኒክና ሙያ አለላቸው» ተብሎ ይታለፋል። ይህ ደብዳቤ የተጻፈው በዚያች አባባል ስለሚታለፉት ልጆች፣ በተለይም ከሙያዎቹ ስለ አንዱ፣ ስለ መኪና ጥገና ነው።

ይህን ሙያ የሚመርጡት ታዲያ ነጥብ ያልመጣላቸው ብቻ አይደሉም። ከልጅነቱ ጀምሮ የተበላሸ ዕቃ ሲፈታ የኖረ፣ ከትምህርት ቤት መልስ የሰፈሩ ጋራዥ በር ላይ ቆሞ የሚያመሽ፣ መኪናዋን ሳያይ በሞተሯ ድምፅ ዓይነቷን የሚለይ ልጅ በየሰፈሩ አለ። እንዲህ ያለው ልጅ ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባ ውጤት አምጥቶ «እኔ መካኒክ ነው መሆን የምፈልገው» ቢል ቤት ውስጥ የሚፈጠረውን ማንም አያጣውም። እናት ታዝናለች፤ አባት «አሥራ ሁለት ዓመት ያስተማርኩህ ግራሶ እንድትቀባ ነው?» ይላል፤ አጎት ተጠርቶ ይመክራል። ልጁም ምርጫውን የሚከላከልበት ነገር በእጁ የለም። ሙያው ስንት ዓመት እንደሚፈጅ፣ የት እንደሚያደርስ፣ በየመንገዱ ምን ዓይነት ምስክር ወረቀት እንደሚያዝበት ቀለል አድርጎ የሚያሳይ አንዲት ገጽ እንኳ በትምህርት ቤት ቆይታው አልደረሰችውም።

ንቀቱ የቆየ ነው። በ1900 ዓ.ም. አጼ ምኒልክ የእጅ ሙያተኛን በሥራው የሚሰድብ ሰው እንዲቀጣ አዋጅ አስነግረው ነበር። ብረት ቀጥቃጩን፣ ሸማኔውን፣ ቆዳ ፋቂውን እያዋረዱ አገር ማዘመን እንደማይቻል ገብቷቸው ነበር። በዚያው በ1900 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ከጅቡቲ ተነስቶ፣ የመኪና መንገድ ያልወጣለትን ምድር አቋርጦ፣ መኪና አዲስ አበባ አስገባ። መኪናዋ ከምኒልክ ዘንድ የደረሰችው በሾፌር ብርታት ብቻ አልነበረም፤ አብሯት መካኒክ ተጉዟል። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ አልፏል። መኪናው አገሩን ሞልቶታል፤ አዋጁ የፈለገው አክብሮት ግን እስካሁን ሙሉ በሙሉ አልመጣም። የዛሬው ስድብ እንደ ድሮው በአደባባይ አይሰማ ይሆናል፤ ልጅን ከሚወደው ሙያ ለመመለስ በሚሰጠው ምክር ውስጥ ግን በደንብ ይሰማል።

ኢትዮጵያ ውስጥ መኪና ሌላ አገር ቢሆን ተቆራርጦ በሚሸጥበት ዕድሜው ገና ታክሲ ይሠራል። ላዳዎች አዲስ አበባን ለአሥርት ዓመታት አመላልሰዋል፤ ኮሮላ ዲኤክስ ዛሬም ቤተሰብ ታስተዳድራለች። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪኖች ላይ እስከ 500 በመቶ ታክስ ሲጥል ደግሞ ቀድሞ የገባው መኪና ዋጋው ጨመረ፤ ባለቤቱም ማስጠገኑን መረጠ። ያን ሁሉ መኪና መንገድ ላይ ያቆየው የመካኒኩ እጅ ነው። መለዋወጫ ሲጠፋ ሶማሌ ተራ ወርዶ ከተፈታ መኪና ላይ ይፈልጋል፤ እዚያም ካጣ ቶርኖ ቤት ወስዶ ያስቀርጻል። ይህ እውቀት ብዙው በመጽሐፍ አልሰፈረም፤ ከዋናው መካኒክ ወደ ረዳቱ፣ ከረዳቱ ወደ ለማጁ በዓይንና በእጅ ሲተላለፍ የኖረ ነው። አገሪቱ ያላት ትልቁ የአውቶሞቲቭ ትምህርት ቤት እነዚህ ጋራዦች ናቸው። ችግሩ ማንም በትምህርት ቤትነት አልመዘገባቸውም።

አሁን ባለው አሠራር ወደ ሙያው የሚያስገቡ በሮች ሁለት ናቸው። አንደኛው ኮሌጅ ነው። ከ1930ዎቹ ጀምሮ ሲያሠለጥን የኖረውን ተግባረ ዕድን የመሰሉ አንጋፋ ተቋማት አሉ፤ በየክልሉም የመኪና ጥገና የሚሰጡ ኮሌጆች ተከፍተዋል። ሠልጣኙ በደረጃ ከፍ እያለ እስከ ደረጃ 5 ይዘልቃል፤ በየደረጃው የብቃት ምዘና፣ በሰፊው አጠራር ሲኦሲ፣ ይቀመጣል። ከዚያ በላይ መማር የሚፈልግ የቴክኒክና ሙያ ሥልጠና ኢንስቲትዩት ገብቶ በአውቶሞቲቭ ቴክኖሎጂ ዲግሪ መያዝ ይችላል። በወረቀት ላይ መንገዱ ያማረ ነው። ሥልጠናውም 30 በመቶው በተቋም፣ 70 በመቶው በሥራ ቦታ በትብብር እንዲሰጥ ታስቧል።

እንቅፋቱ ያለው በዚያ 70 በመቶ ውስጥ ነው። ኮሌጁ ደብዳቤ ጽፎ ሠልጣኞቹን ወደ ጋራዥ ይልካል። ጋራዡ ምን እንዲያስተምር እንደሚጠበቅበት፣ ልጆቹ የትኛውን ሥራ መቼ መንካት እንዳለባቸው በብዙ ቦታ የነገረው የለም፤ ለሚያጠፋው ጊዜም የሚከፈለው የለም። የደንበኛ መኪና በለማጅ እጅ ቢበላሽ ኪሣራው የጋራዡ ነው። ስለዚህ ልጆቹ ወለል ይጠርጋሉ፣ ቁልፍ ያቀብላሉ፣ ጎማ ይፈታሉ፤ ቀኑ ሲደርስ የግምገማው ቅጽ ተሞልቶ፣ ማኅተም አርፎበት ይሄዳል። ኮሌጅ ሲመለሱ የሚጠብቃቸው ደግሞ ብዙ ጊዜ ብረት መቆሚያ ላይ የተሰቀለ፣ ዙሪያውን ብዙ ሠልጣኝ የከበበው፣ በየዓመቱ ሲፈታና ሲገጠም የኖረ ሞተር ነው። ሞተሩ አይነሳም፣ አይሞቅም፣ አያጨስም። ስለዚህ ልጆቹ መፍታትና መግጠም ይለምዳሉ፤ ብልሽት ፈልጎ ማግኘትን ግን አይለምዱም። መካኒክ የሚከፈለው በዋናነት ብልሽቱን ስላገኘ ነው።

ሁለተኛው በር ጋራዡ ራሱ ነው። ልጁ በዘመድ ወይም በሰፈር ሰው አማላጅነት ይገባል። ውል የለም፤ ደመወዝ የለም፤ ምሳና ትራንስፖርት ከተሰጠው አሠሪው ደግ ሰው ነው ይባላል። የመጀመሪያው ሥራ ዕቃ ማጠብ ነው፤ ቤንዚን ውስጥ ሲገባ ሲወጣ የሚውል እጅ ይደርቃል፣ ይሰነጣጠቃል። ቀጥሎ ጎማና የፍሬን ሸራ ይመጣል፤ ቀጥሎ ፍሪሲዮን ማውረድ፤ እንዲህ እያለ ከዓመታት በኋላ ሞተር አውርዶ ፋሻና ኩሽኔታ መቀየር ይደርሳል። ደረጃውን የሚነግረው ሰው የለም። ጋሼ የሚባሉት ዋና መካኒክ ሳይቆጡ መኪናዋን ለባለቤቷ ካስረከቡ ሥራው ልክ ነበር ማለት ነው። ይህ ልጅ አሥር ዓመት ሠርቶ ከተማ ቢቀይር አዲሱ ጋራዥ «ምን ትችላለህ?» ብሎ ከዜሮ ይፈትነዋል፤ የሚያሳየው አንድም ወረቀት የለውም። ከመኪና ሥር ተኝቶ ሳለ ክሪክ ቢያመልጥ ደግሞ የሚያሳክመው የጋራዡ ባለቤት ርኅራኄ ነው። ከዚያ ሌላ መጠጊያ የለውም።

ሁለቱ በሮች ለየብቻቸው ምን ዓይነት ሰው እንደሚያወጡ ለማየት አንድ የተለመደ ብልሽት ይበቃል። ባለ 1 ሊትር ሞተር ቪትዝ የሞተር መብራቷ በርቶ፣ ነዳጅ ሲሰጣት እየተንቀጠቀጠች ጋራዥ ገባች። ሞተሯ ባለ ሦስት ሲሊንደር ስለሆነ አንዱ ሥራ ሲያቆም ወዲያው ያስታውቃል። በጋራዥ ብቻ ያደገው ልጅ ሞተሩ እየሠራ የኮይሎቹን ሶኬት ተራ በተራ ይነቅላል፤ የሁለተኛውን ሲነቅል ድምፁ ካልተለወጠ የማይሠራው ሁለተኛው መሆኑን ጆሮው ይነግረዋል። ይህ ትክክለኛ ፍተሻ ነው። ከዚያ በኋላ ግን ወደ ግምት ይገባል፤ ካንዴላ ይቀየር፣ ካልሆነ ኮይል ይገዛ፣ ካልሆነ ኢንጀክተር ይታጠብ ይላል። የግምቱን ሁሉ ዋጋ የሚከፍለው ባለመኪናው ነው። ከኮሌጅ ብቻ የወጣው ልጅ ደግሞ ስካነር ሰክቶ ፒ 0302 የሚል ኮድ ያነባል፤ ሁለተኛው ሲሊንደር በትክክል እንደማያቃጥል ያውቃል። ኮዱ ግን ቦታውን ጠቁሞ ምክንያቱን ይተዋል፤ ልጁም የደረቀ ሶኬት ሳይሰብር ለመንቀል እጁ አልተፈታም።

ሁለቱንም የተማረ ልጅ ኮዱን አንብቦ ያጠፋዋል። የሁለተኛውን ኮይል ወደ ሦስተኛው፣ የሦስተኛውን ወደ ሁለተኛው አዛውሮ መኪናዋን ትንሽ ይነዳታል። ኮዱ ፒ 0303 ሆኖ ከተመለሰ ጥፋቱ ከኮይሉ ጋር አብሮ ሄዷል ማለት ነው፤ አንድ ኮይል ተገዝቶ ሥራው ያልቃል። ኮዱ ፒ 0302 እንደሆነ ከተመለሰ ኮይሉ ጤነኛ ነው፤ ካንዴላውን በዚያው ዘዴ ይፈትሻል፣ ቀጥሎ ኢንጀክተሩን ያያል፣ ቀጥሎ የሲሊንደሩን ግፊት ይለካል። አንድም ዕቃ በግምት አልተገዛም። ባለመኪናዋም ቁጭ ብላ ብታይ እያንዳንዱ እርምጃ ለምን እንደተደረገ ይገባታል። አገሪቱ የምትፈልገው እንዲህ ያለውን መካኒክ ነው፤ እሱን ደግሞ ኮሌጁም ሆነ ጋራዡ ብቻውን አያወጣውም።

ሕጉ ይህን መንገድ አልዘጋም። በ2000 ዓ.ም. የወጣው ብሔራዊ የቴክኒክና ሙያ ትምህርትና ሥልጠና ስትራቴጂ ዋናው ነገር ሰው የሚችለው ሥራ መሆኑን አስቀምጧል፤ ሙያውን የትም ይማረው፣ ተመዝኖ ብቁ ሆኖ ከተገኘ የምስክር ወረቀት ይገባዋል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ ስለ ሙያ መልመድ ውል ይደነግጋል፤ ውሉም በጽሑፍ እንዲሆን ይጠይቃል። ይሁንና በየሰፈሩ ጋራዥ ውስጥ ለማጅና አሠሪ የፈረሙበትን ውል ማየት ብርቅ ነው። ለምዘና የሚሄደው የጋራዥ ልጅም ጥቂት ነው። የሥራ ቀን ይባክንበታል፤ ማን ዘንድ እንደሚመዘገብ አያውቅም፤ ወረቀቱን ቢይዝ ገቢው ላይ ለውጥ እንደሚያመጣ የነገረው የለም። ሚኒስቴሩ ጋራዡ ወደ እሱ እስኪመጣ ሲጠብቅ፣ ጋራዡ ሚኒስቴር መኖሩን ሳያስታውስ ሥራውን ይሠራል።

ይህ ሁሉ ለሌላ ጊዜ ይደር ሊባል የሚችለው መኪናው ራሱ ባይለወጥ ነበር። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት ታክስ፣ ከኤክሳይዝና ከሱር ታክስ ነፃ ሆኑ፤ ሙሉ በሙሉ ተገጣጥሞ ለሚመጣው የ15 በመቶ፣ በከፊል ለተገጣጠመው የ5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ ብቻ ቀረ፤ ተበትኖ መጥቶ እዚህ ለሚገጣጠመው ደግሞ ቀረጡ ዜሮ ሆነ። በጥር 2016 ዓ.ም. መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ መከልከሉን አስታወቀ። የገቡት የኤሌክትሪክ መኪኖች 100,000 መድረሳቸውን ባለሥልጣናት ሲናገሩ ቆይተዋል። አዲስ አበባ ውስጥ መንገድ ዳር ጥቂት ደቂቃ የቆመ ሰው የቢዋይዲና የቮልስዋገን አይዲ.4 ሰልፍ ያያል። ከእነዚህ ብዙዎቹ ለቻይና ገበያ ተሠርተው በግል አስመጪዎች የገቡ ናቸው። የስክሪናቸው ጽሑፍ ቻይንኛ ነው፤ የውስጥ ኮምፒውተራቸውም ለተገኘው ስካነር ሁሉ አይከፈትም።

በጋራዥ በኩል ለውጡ ምን ማለት እንደሆነ በዝርዝር ማየት ያስፈልጋል። የኤሌክትሪክ መኪና የሞተር ዘይት አይቀየርለትም፤ ካንዴላ፣ ፍሪሲዮን፣ ማርሜታ የለውም። ፍሬን፣ ጎማ፣ የእግር ዕቃ፣ መሪ፣ ማቀዝቀዣ ውሃና ትንሿ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ግን አሉት፤ እነዚህም እንደ ድሮው ይበላሻሉ። ትልቁ ባትሪ ከወለሉ ሥር የተዘረጋ ሲሆን በአብዛኞቹ ላይ 400 ቮልት ገደማ ይይዛል። በመኪናው ውስጥ የሚታይ ብርቱካናማ ገመድ ሁሉ ይህን ኃይል የሚሸከም ነው፤ ሰው ይገድላል።

ስለዚህ ወደዚያ ገመድ የሚጠጋ መካኒክ ሥራውን የሚጀምረው በመዝጋት ነው። መኪናውን ያጠፋል፤ ቁልፉን አርቆ ያስቀምጣል፤ የ12 ቮልቱን ባትሪ ይነቅላል። ከዚያ 1,000 ቮልት የሚችል የጎማ ጓንት አጥልቆ የከፍተኛውን ቮልቴጅ ማለያያ ይነቅልና ሌላ ሰው ሳያውቅ መልሶ እንዳይሰካው ቆልፎ ይይዘዋል። ኢንቨርተሩ ውስጥ የተጠራቀመው ኤሌክትሪክ እስኪፈስ አምራቹ ያዘዘውን ደቂቃ ይጠብቃል። ጓንቱን ሁልጊዜ ከማጥለቁ በፊት አየር ሞልቶ ይጨምቀዋል፤ በመርፌ የተወጋ ያህል ቀዳዳ ቢኖረው እንኳ አየሩ ያፈተልካል። ጓንቱን እንዳደረገ በመለኪያ ዜሮ መሆኑን ካየ በኋላ ነው ቁልፍ የሚያነሳው። ከእነዚህ እርምጃዎች አንዱን የዘለለ ሰው ዘጠኝ ጊዜ ምንም ላይሆን ይችላል፤ በአሥረኛው ግን የሚያስተምረው ሰው አይኖርም።

በነዳጅ መኪና ለማጁ ሲሳሳት እጁ ይላጣል ወይም ሞተሩ አይነሳም፤ ጋሼ ይቆጣሉ፣ ነገ ይታረማል። «እያየህ ልመድ» የሚለው የጋራዥ ሥርዓት እስከ ዛሬ የሠራው ለዚህ ነው። ለ400 ቮልት ግን አይሆንም። ውል የሌለው፣ ጓንት ያልተገዛለት፣ የዋናው መካኒክ እውቀትም ከናፍጣና ከቤንዚን ያላለፈበት ልጅ ዛሬ ወይም ነገ የኤሌክትሪክ መኪና ሥር ይገባል። መኪናው ሰፈሩ ውስጥ ነው፤ ባለቤቱ ርካሽ ጥገና ይፈልጋል፤ ልጁ ደግሞ እምቢ የሚልበት ምክንያት የለውም። ሚኒስቴሩ ከአደጋ በፊት መድረስ ያለበት እዚህ ጋ ነው።

በሌላ በኩል ይህ ለውጥ 12ኛ ክፍልን ላጠናቀቀ ልጅ ከዚህ በፊት ያልነበረ ዕድል ይሰጠዋል። በካርቡራቶር ዘመን ከ8ኛ ክፍል ወጥቶ ጋራዥ የገባ ልጅ ሁለተኛ ደረጃን ከጨረሰው በዓመታት ይቀድም ነበር፤ እጁ ቀድሞ ተፈትቷላ። አሁን ቮልት፣ አምፔርና ተቃውሞ ምን እንደሆኑ የሚያውቅ፣ የኦምን ሕግ ክፍል ውስጥ የሠራ፣ የኤሌክትሪክ ዑደት ንድፍ ተከትሎ የሚያነብ ልጅ ያስፈልጋል። ያ ልጅ በየዓመቱ ከፈተና አዳራሽ በመቶ ሺዎች ይወጣል። ፊዚክስ ላይ 45 ያመጣ ተማሪ ለዩኒቨርሲቲ አልበቃህም ይባል ይሆናል፤ ባትሪ ውስጥ ደካማዋን ሴል ለክቶ ለማግኘት የሚያስፈልገው ፊዚክስ ግን አለው። ዕድሉ ሴት ተማሪዎችንም ይመለከታል። ሙያው የጡንቻ ነው እየተባለ በሩ ሲዘጋባቸው የኖረበት ሰበብ፣ ሥራው ወደ መለኪያና ወደ ምርመራ ባዘነበለ መጠን እየሳሳ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን እንዴት እንደያዘው ማየት ይጠቅማል። ጀርመን በ2003 እንደ አውሮፓ አቆጣጠር የመኪና መካኒክና የመኪና ኤሌክትሪሺያን የሚባሉትን ሙያዎች አዋህዳ አንድ አደረገቻቸው፤ መኪናው ሲለወጥ ሙያው አብሮ ተለወጠ። ሥልጠናው ሦስት ዓመት ተኩል ነው። ልጁ ከጋራዡ ጋር ውል ይፈርማል፣ ከመጀመሪያው ወር ጀምሮ ይከፈለዋል፣ የተወሰነውን ቀን ትምህርት ቤት፣ ቀሪውን ጋራዥ ይውላል። እ.ኤ.አ. ከ2013 ወዲህ ደግሞ በከፍተኛ ቮልቴጅ የሚመረቁበት ዘርፍ ተጨምሮለታል። የኢትዮጵያ የሥልጠና ማሻሻያ በጀርመን ድጋፍ ጭምር የተቀረጸ ነው፤ ከዚያ የተወሰዱት ደረጃዎቹና ምዘናዎቹ እዚህ ደርሰዋል፤ ሥርዓቱን የሚያንቀሳቅሰው በጋራዡና በልጁ መካከል የሚፈረመው ውል ግን መንገድ ላይ ቀርቷል።

ለአብነት ባሕር ማቋረጥም አያስፈልግም። አዲስ አበባ በሚገኘው ሰላም ዴቪድ ሮሽሊ ቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ውስጥ ቮልቮ፣ የስዊድኑ ሲዳና የተባበሩት መንግሥታት የኢንዱስትሪ ልማት ድርጅት ዩኒዶ ተባብረው የከባድ መኪናና የማሽነሪ መካኒኮች ማሠልጠኛ አቋቁመዋል። እዚያ የተያዘው ሐሳብ ሠልጣኙ ነገ የሚጠግነውን ማሽን ዛሬ በሥልጠና ላይ እንዲያገኘው፣ አምራቹም እንግዳ ሳይሆን የሥልጠናው አካል እንዲሆን ነው። ሐሳቡ ለአንድ ተቋም ከሠራ ለመላው ሙያ የማይሠራበት ምክንያት የለም።

ይህን ደብዳቤ የሚያነቡ ወላጆችና ተማሪዎችም ይኖራሉና ሙያውን ማስዋብ አይገባም። ሥራው ከባድ ነው። ወገብ ያማል፤ እጅ ይቆስላል፤ የመጀመሪያዎቹ ሦስት አራት ዓመታት ገቢ ትንሽ ነው። ዘይትና ቤንዚን በባዶ እጅ መንካት ቆዳን ይጎዳል፤ ያረጀ የሞተር ዘይት ለጤና አደገኛ ነው። መሣሪያ መግዣ ገንዘብ ይፈልጋል፤ የራሱ ስካነር የሌለው መካኒክ ሰው ቤት እየሄደ ይለምናል። ግን ሙያው ሰፊ ነው። የሞተር ሰው አለ፣ የካምቢዮ ሰው አለ፣ የናፍጣ ፓምፕ ብቻ የሚሠራ አለ፣ በኤሌክትሪክ ሥራው ብቻ ከተማ የሚያውቀው አለ፤ ላሜራውና ቅቡ ራሳቸውን የቻሉ ሙያዎች ናቸው። የኮንስትራክሽን ማሽነሪ መካኒክ ኤክስካቫተርና ሎደር ባለበት ሁሉ ይፈለጋል። ትልልቆቹ የመኪና ኩባንያዎች፣ የከተማ አውቶቡስ ድርጅቶች፣ የጭነት ማኅበራት፣ ሁሉም የጥገና ክፍል አላቸው። ራሱን ያስተማረና ታማኝ መካኒክ ደንበኛ ፍለጋ አይወጣም፤ ስልኩ አያርፍም። ልጃቸው ይህን ሲመርጥ የሚያዝኑ ወላጆች ቢያንስ የራሳቸውን መኪና ወይም የሚሳፈሩበትን ታክሲ ፍሬን ማን እንደሚያየው ቢያስቡ መልካም ነው።

እንግዲህ ሚኒስቴሩ የሚጠየቀው አዲስ ሕግ እንዲያወጣ አይደለም። ያለውን ወደ ጋራዥ ይዞ እንዲወርድ ነው። ከሁሉ አስቀድሞ መዛኙ ወደ መካኒኩ ይሂድ። ልምድ ያለው ዋና መካኒክ በገዛ ጋራዡ፣ በሚያውቀው መኪና ላይ፣ በሚያውቀው ቋንቋ ይመዘን፤ ብቁ ከሆነ የሙያ ወረቀቱ ብቻ ሳይሆን የአሠልጣኝነት ፈቃድም ይሰጠው። ፈቃድ ያለው መካኒክ ለማጅ ሲቀበል በአንድ ገጽ አማርኛ ወይም በክልሉ ቋንቋ የተዘጋጀ ውል ይፈረም፤ ልጁ ምን እንደሚማር፣ በሳምንት ስንት ቀን ኮሌጅ እንደሚውል፣ ምን ያህል እንደሚከፈለው፣ ቢጎዳ ማን እንደሚያሳክመው ይጻፍበት። ጋራዡ ለሚያጠፋው ጊዜ በግብር ቅናሽ ወይም በመሣሪያ ድጋፍ ይካስ። የኮሌጁ መምህር በወር አንድ ቀን ጋራዥ ይዋል፤ ዋናው መካኒክም ኮሌጅ ተጋብዞ ያስተምር፣ ይከፈለው።

የከፍተኛ ቮልቴጅ ሥራ ግን ከዚህ ተለይቶ መታየት አለበት። የደኅንነት ሥልጠና ወስዶ ያልተመዘነ ሰው ብርቱካናማውን ገመድ እንዳይነካ በግልጽ ይከልከል፤ ሥልጠናው አጭር፣ በክፍለ ከተማ ደረጃ የሚሰጥና የጋራዥ ልጅ ሊከፍለው የሚችል ይሁን። የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስቴር በበኩሉ በብዛት መኪና የሚያስመጡ ድርጅቶችን የጥገና መመሪያና የምርመራ ሶፍትዌር ለማሠልጠኛዎች እንዲሰጡ ቢያስገድድ፣ የመኪናው ምስጢር ሻጩ ጋ ብቻ አይቀርም። ትምህርት ሚኒስቴር ደግሞ ፈተና ከመድረሱ በፊት፣ ልጆች 11ኛ ክፍል ሳሉ፣ አንድ ሙሉ ቀን ጋራዥ የሚያዩበትን ዕድል ቢያመቻች መካኒክነት ከውጤት በኋላ የሚሰማ መርዶ መሆኑ ይቀራል።

ሁሉን በአንድ ጊዜ መጀመር ከባድ ከሆነ ሚኒስቴሩ በዚህ ዓመት አንድ ክፍለ ከተማ ይምረጥ። በዚያ ክፍለ ከተማ ያሉትን ጋራዦች፣ በየጋራዡ ያሉትን ዋና መካኒኮችና ለማጆች በቤት ለቤት ቆጠራ ይመዝግብ፤ የለማጆቹን ዕድሜ፣ የደረሱበትን ክፍል፣ ስንት ዓመት እንደሠሩ ይጠይቅ፤ ከመካከላቸው የኤሌክትሪክ መኪና የነካው ስንቱ እንደሆነ፣ ጓንት ያለው ስንቱ እንደሆነ ይጻፍ። ውጤቱንም ለሕዝብ ይግለጸው። ከዚያ የመጀመሪያዎቹን ፈቃደኛ ጋራዦች መርጦ፣ ከቀጣዩ የ12ኛ ክፍል ውጤት በፊት ውሉን አሳትሞ በእጃቸው ያድርስ፤ ልጆቹ በዚያ ሰሞን ምርጫ ፍለጋ ሲወጡ የሚፈርሙበት ወረቀት ይጠብቃቸው።

ከአክብሮት ጋር